የተከደነው ሳህን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንደ እኛ ጊዜ በንባብ አይሰጥም። ከድሮ ልብ ወለድ አንድ ገፀ ባሕርይ ከነሐዘኑ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ይተከላል፤ ቦታ እንዲገኝለት ደግሞ ከተማሪው ትዝታ አንዱ ይወጣል። የወጣ አይመለስም። የትኛው እንደሚወጣ የሚፈርመው ወላጅ ነው።

«የሚያሳዝናትን ይምረጡላት» አለኝ መምህሩ። እኔም ለልጄ ለትርሲት እናቷ የሞተችበትን ቀን መረጥኩላት። ያሳረፍኳት መስሎኝ ፈጣሪዬንም አመሰገንኩ።

ለትርሲት የደረሳት ገፀ ባሕርይ እናቷን ባሕር የወሰደባት የመርከበኛ ልጅ ነች። ለዚያች እናት ትራሷ እስኪርስ በእንግሊዝኛ ታለቅሳለች። ፈተናውንም ከክፍሉ አንደኛ ሆና አለፈች።

ማዕድ ሲቀርብ ግን የእናቷን ድርሻ በሳህን ከድና ታስቀምጣለች።

«እማዬ ዛሬም ልታመሽ ነው?»

«እንብላ፣ ልጄ።»

«አንተ ደግሞ! ትንሽ ብንጠብቃት ምን አለበት?»

እሷ ስትተኛ የተከደነውን እኔ እበላዋለሁ። ጠዋት ባዶውን ሳህን አይታ ደስ ይላታል። «ይኸው በልታለች! ምነው ሳትቀሰቅሰኝ ሄደች?» ትላለች።

ትናንት የባለቤቴ ሙት ዓመት ነበር። «ዛሬስ እነግራታለሁ» ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዘመዶቻችን ጥቁር ለብሰው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ትርሲት ቀድማኝ በሩን ከፍታላቸዋለች።

«ግቡ እንጂ፣ እማዬም አሁን ትመጣለች» አለቻቸው እየሳቀች። ልብሳቸውን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። «ውይ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።