ቀዩ ችካል

ዶዘሩ የመቃብሩን ዳር ሲገምስ የአንድ ገበሬ እናት አጥንት ከአፈሩ ጋር ተገለበጠ። ገበሬው ሾፌሩን ከጋቢና ጎትቶ አወረደና በሽመል አናቱን ፈነከተው።

«ጋሼ፣ ችካሉን ተከትዬ ነው!» አለ ሾፌሩ ደም በፊቱ እየወረደ።

«የሰው እናት እያረስክ ችካል ትለኛለህ?» ደገመው። ጥርሱ ረገፈ።

የወረዳው መንገድ ቀያሽ እየሮጠ ደርሶ መሃል ገባ። ቀይ ቀለም የተቀቡትን ችካሎች ሲያይ ክው አለ።

«ትናንት የተከልናቸው እኮ በእርስዎ ባሕር ዛፍ መሃል ነበር» አለው ገበሬውን። «ማነው ነቅሎ መቃብር ላይ የተከላቸው?»

ሽመሉ አየር ላይ ቀረ። አጥንቱን በነጠላዋ የምትለቅመው ሚስቱ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«መቃብር ሲያዩ መንገዱን ይተውታል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»