ማዳም የመለሰችላት ሕመምተኛ

«በሽታ አለባት?» ሲል ጠየቀ ዶክተር ከሪም። የጠየቀው ግን አሠሪዋን፣ ማዳሟን ነው።

«ምንም የለባትም፤ እንደ ፈረስ ናት!» አለች ማዳም።

አልጋው ላይ የተጋደመችው ተዋበች ከንፈሯን ነከሰች። ይኼም ሐኪም ፈተናውን ሊወድቅ ነው። ማዳሟ የውሸት ማዳም ናት፤ ጆማና የምትባል ነርስ። ሕመሙም የውሸት ነው። ሲን ኤል ፊል በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር ያለው ይህ ክፍል የማደንዘዣ ሐኪሞች ሰው ሳይጎዱ የሚሠለጥኑበት ነው፤ ተዋበችም ወለሉን አራት ዓመት ወልውላለች።

ታሪኩ ግን የእውነት ነው። ጓደኛዋ የሺ ለቀዶ ሕክምና ስትገባ እንዲሁ ማዳሟ መለሰችላት። ወንድሟ በማደንዘዣ መሞቱን የጠየቃት የለም፤ እሷም በማዳሟ ፊት ሳትጠየቅ መናገር አልለመደችም። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ተዋበች ይህን ለሐኪሞቹ አሠልጣኝ ለዶክተር ሐዳድ ብትነግራት፣ «እስቲ ፈተናውን አንቺው ሥሪው» አለቻት። ሠራችው። ሕጉ አንድ ነው፦ ራሷን እስኪጠይቋት ዝም። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሐኪም ጥላለች። ኮርታለች፣ ምን ይደበቃል! ግን አንድም ሰው ካላለፈ፣ ነገ እንደ የሺ ያለች እውነተኛ ሕመምተኛ ስትመጣ ማን ሊያድናት ነው?

ከሪም መርፌውን አነሣ። «ንገሪው፣ ንገሪው» አላት ሆዷ። ሕጉን ግን አልጣሰችም።

«ያላ፣ ቶሎ በል!» አለች ማዳም። «ማታ እንግዳ አለብኝ፤ የምታበስለው እሷ ናት።»

ዛሬ ቀዶ ሕክምና ያላት ሴት ማታ ልታበስል? ከሪም መርፌውን መለሰው። «ማዳም፣ ሲል ቩ ፕሌ፣ እባክዎን ውጭ ይጠብቁን።»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ኃላፊዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ማዳም።»

ማዳምን አስወጥቶ በሩን ዘጋ፤ ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። «ከቤተሰብሽ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው አለ?»

«ወንድሜ» አለች ተዋበች። «እንደተኛ ቀረ።» የገዛ ወንድሟ ይመስል እንባዋ መጣ።

ከሪም ብድግ አለ። «የማደንዘዣው ጋዝ ይቅር፤ አደጋው በዘር ይወረሳል! ሌላ መድኃኒት አዘጋጁ!»

ከመመልከቻው መስታወት ጀርባ ሆነው ቀድመው የወደቁት ሦስቱ ሐኪሞች አጨበጨቡ። ዶክተር ሐዳድ ብቅ ብላ ወደ አልጋው አመለከተች። «ፈተናውን ያወጣችው እሷ ናት። ገምጋሚህም እሷው ናት።»

ከሪም ዞሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኡስታዜ፣ ምን አጠፋሁ?»

መምህሬ ማለቱ ነው። ተዋበች እንባዋን ጠርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ደስታው ደረቷን ሞላው።

«ስትገባ ያየኸው ማዳምን ነው። ውጣና እንደገና ግባ።»

ወጣ። በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ግባ» አለች ተዋበች።