ያልተቀመጠው

ከሁለቱ አንዱ ሜዳው ላይ ሞተ።

ግንዱና ጠብታ ይሏቸዋል። ግንዱ አናጺ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። ጠብታ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭንና ለፍላፊ። ሁለቱም ያደጉት በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ በአንድ አልጋ፣ አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ። አንዲት ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ነበር የሚነጋላቸው። ቅጽል ስማቸውም የወጣው እዚያ ነው።

ካደጉ በኋላ በየዓመቱ ለማሳደጊያው ይሮጣሉ። ፍጥነት አይቆጠርም። ሁለቱም በእግራቸው እስካሉ ድረስ የሰፈሩ ነጋዴዎች ለእያንዳንዱ ዙር ይከፍላሉ። ቀድሞ የተቀመጠ ተሸነፈ። ያልተቀመጠው ደግሞ ከልጆቹ ትንሹን ትከሻው ላይ አውጥቶ አንድ ዙር ብቻውን ይሮጣል። ተመልካቹ ኪሱን የሚፈታው በዚያ ዙር ስለሆነ ማንም አስቀርቶት አያውቅም። በዚያ ዓመት የልጆቹ መኝታ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በሩጫው ላይ ነው።

ሩጫው ወር ሲቀረው ጠብታ ማነከስ ጀመረ።

ግንዱ መጀመሪያ ሳቀበት። "ገና ሳንሮጥ ሰበብ ታዘጋጃለህ?"

"ጉልበቴ ነው። አንተ ለራስህ እወቅበት፤ ዘንድሮ አፈር ነው የማስግጥህ።"

ቀጥሎ ሳል መጣ። ደረጃ ሲወጡ ጠብታ ቆም ብሎ ደረቱን ይይዛል። "እስቲ አንዴ አረፍ እንበል" ይላል። ግንዱም አብሮት ያርፋል፤ እሱም ቢሆን ማረፉን አይጠላውም ነበር። ግንዱን ሳንቃ ተሸክሞ ካየው ደግሞ ጠብታ እያነከሰ መጥቶ ይነጥቀዋል።

"አንተ አንካሳ፣ አርፈህ አትሄድም?"

"ልምምድ ነው። ቅናት ይዞህ ነው አይደል?"

አንድ ቀን ግንዱ ከወርክሾፑ ቀደም ብሎ ወጣ። ሳንቃ የሚደግፍበት ግራ ክንዱ እየዛለ አስቸግሮታል። ቀደም ሲል ለዚሁ ክንድ ከባለቤቱ ጋር ክሊኒክ ሄዶ የሚቀባ ነገር ታዞለት ነበር፤ ባለቤቱ ቅባቱን ልቀበል ብላ ተመልሳ ገብታ ፀሐይ ላይ ብዙ አስጠብቃዋለች። ቅባቱ ምንም አልፈየደለትም።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱና ጠብታ በሩ ላይ ቆመው ያንሾካሹካሉ። ጠብታ አንዲት ትንሽ የኪኒን ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየው። የባለቤቱ ዓይን ቀልቷል።

ራት ላይ ጠየቃት።

"ጠብታ ምን አለሽ?"

"ምንም።"

"ታሟል አይደል?"

ሳህኖቹን ሰበሰበች። "በሞቴ፣ ዘንድሮ ሩጫው ይቅርባችሁ።"

"እሱን ለምኚው። እኔ ብተው ብቻውን ይሮጣታል፤ አታውቂውም እንዴ? ጣሪያውስ?"

ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ግንዱ ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ ጠብታንም አልጠየቀውም። የከፋ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰብና ወዳጅ ተሸክሞት ይዞራል እንጂ። ጠብታ ራሱ ምን ያህል እንደሚያውቅ ማን ያውቃል? እንዳይደነግጥ ብሎ ዝም አለ።

የሩጫው ቀን ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው ይጮሃሉ። "ጋሼ ግንዱ! ጋሼ ጠብታ!"

"ና እንጂ፣ አንተ ቁም ሣጥን! ማን ገፍቶ ያምጣህ?" አለ ጠብታ። ጥቂት ዙር እንደሮጡ ግን ሳሉ በረታበት፤ እግሩን መጎተት ጀመረ።

"ተቀመጥልኝ" አለው ግንዱን። "ዕድሜ ልክህን አሸንፈኸኛል። አንዴ እንኳ እኔ ልጅ ልሸከም።"

ግንዱ ሊቀመጥለት ምንም አልቀረው። ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር። ያን የመጨረሻ ዙር ሲያስብ ግን ተወው። ይህ ሰው፣ በዚህ ደረቱ፣ ልጅ ተሸክሞ ሊሮጥ? ይገድለዋል። ያለው መላ አንድ ነው፤ ጠብታ ቀድሞ እንዲቀመጥ ማድረግ።

ፍጥነት ጨመረ።

"ኧረ ቀስ!" ጠብታ ከኋላ ጮኸ። "ቀስ በል፣ ወንድሜ!"

ግንዱ እንዳልሰማ ሆነ። ዙሩን ጨርሶ ሌላ ጀመረ። ላቡ ቀዘቀዘው፤ ክንዱ እንደ ብረት ከበደው። ጠብታ እያነከሰ ከሥር ከሥሩ አለ። "ተቀመጥ! በሞቴ ተቀመጥ!"

በመጨረሻ ጠብታ ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ሁለት እጁን አነሳ። "ይኸው ተሸነፍኩ! ቁም አሁን! ዙሩን ተወው!"

ተረፈልኝ፣ አለ ግንዱ በልቡ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከልጆቹ ትንሿን አንስቶ ትከሻው ላይ አወጣት። ሰዉ ኪሱን ፈታ፤ ሳንቲሙ በየጣሳው ሲወርድ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጥል ዝናብ ነው የሚሰማው።

"ጋሼ፣ ፍጠን!" አለችው ሁለት ጆሮውን ይዛ። እየሳቀ ፈጠነላት።

ከማዶው ጎል አጠገብ ቆመ። ልጅቷን ቀስ አድርጎ አወረዳት፤ የተጠቀለለ ቀሚሷን ሳይቀር አስተካከለላት። ከዚያ ተንበረከከ። ከኋላው የሩጫ ኮቴ ሰማ። ኮቴው እኩል እኩል ይመታል፤ አያነክስም። የሚመጣው ሰው አያስልም።

ጠብታ ብልቃጡን ከኪሱ መንጭቆ ሲከፍት የግንዱ ባለቤት ከአጥሩ ትጮህ ነበር። "ከምላሱ ሥር! ሐኪሙ ከምላሱ ሥር አድርጉለት ነው ያለው!"

የቀረው ጠብታ ነው።