ለአባቴ ዓይን ብቻ

ጣቢታ የደብዳቤውን የሰም ማኅተም በቢላ ጫፍ ስትፈነቅለው፣ ከእጥፋቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ወረቀት ዱብ አለ። ጀርባው ላይ «ለአባቴ ዓይን ብቻ» ይላል። የወንድሟ የአሳሄል ጽሑፍ ነው፤ ጠበቃ ከሆነ ወዲህ ፊደሉ ሁሉ ጭራ አብቅሏል። አነሳችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ወደቀ?» አሉ አባቷ፣ ሽማግሌው ኤልናታን። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በዳበሳ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ምንም አይደል አባባ። ትልቁን ላንብብልዎት።»

ኤልናታን ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሃርትፎርድ ከተማ ያለው አሳሄል ግን አያውቅም። አትንገሩት ያሉት ራሳቸው ናቸው። «ከሰማ ወይ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ወይ እርሻውን ሽጡና እኔ ዘንድ ኑ ይላል» ብለው። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ ጣቢታ ትጽፋለች፤ ያውም የሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ፣ ፊደሉን ወደ ግራ አጋድማ። አሮጌ ደብዳቤያቸውን ፊቷ ዘርግታ አንድ ክረምት ሙሉ ተለማምዳዋለች።

«‹የተከበሩ አባቴ፣›» ብላ ጀመረች። «‹በድንበሩ ክርክር በእርስዎ ምክር ረታሁ። የድንጋዩ ካብ ከውሉ በፊት የነበረ ለመሆኑ መሀሉ የበቀለው ዛፍ ይመስክር፣ ቁረጡና የግንዱን የዕድሜ ቀለበት ቁጠሩ ያሉኝን ቃል በቃል ተናገርኩ። ዳኛው ተገርሞ ይህን ማን አስተማረህ ቢለኝ፣ አባቴ አልኩት።›»

የበቆሎው ኮሽታ ቆመ።

«እኔ መቼ ነው ስለ ዛፍ ያወራሁት?»

የጣቢታ ጆሮ ጋለ። «እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር። ከወረቀቱ ቦታ ተረፈ። ባዶውን ከሚሄድ ብዬ...»

«ጉድ ፈላ! ተኝቼ ነው የረታሁት?» ከት ብለው ሳቁ። «ሌላስ ምን ብያለሁ?»

«ሚስቱን እንዳይቆጣት ብለዋል።»

«ደግ ብያለሁ።» እጃቸውን ከበቆሎው አራገፉ። «አሁን ያቺን የወደቀችውን አንብቢ።»

ከሳቸው ጆሮ ምን ያመልጣል! ትንሿን ወረቀት ዘረጋች። ዓይኗ ቀድሞ ሮጦ ስሟ ላይ አረፈ። «ስለ ብርዱ ነው» ብትላቸው ማን ያውቅባታል? በሚሄደው ደብዳቤ ላይ ስንቱን ጨምራለች። ከሚመጣው ላይ ግን አንዲት ቃል ነክታ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹አባቴ፣ ይህን ለማንም አያሳዩ። ለእርሻው ጥሩ ገዢ አግኝቻለሁ። ጉልበትዎ እየደከመ ነው፤ ከነቤቱ እንሽጠውና እኔ ዘንድ ይምጡ። ስለ ጣቢታ አይጨነቁ። እዚህ ሚስቱ የሞተችበት አስተማሪ አለ። አምስት ልጆች አሉት፣ ጭምት ሰው ነው፣ ይወስዳታል። እምቢ ካለችም ከኛ ጋር ሆና ልጆቻችንን ትጠብቃለች። እስኪያልቅ ግን አይንገሯት፤ መቼም ማልቀሷ አይቀርም።›»

አላለቀሰችም። «ይወስዳታል» የሚለው ላይ ብቻ ድምጿ እንደ መሰበር አለ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ላሞቹን የምታልበው እሷ፣ ከጓሮ ያሉትን የፖም ዛፎች የተከለችው እሷ። ከዚህ ቤት ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ አስባም አታውቅ። አባቷ ደግሞ አሳሄል ያለውን እምቢ ብለው አያውቁም። አፍ አፋቸውን ታይ ጀመር።

ኤልናታን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጥፈው ቆጠሩ።

«አምስት?» አሉ በመጨረሻ።

«አምስት ነው የሚለው።»

«የዘለልሽው አለ?»

«የለም።»

«ይህን ልታነቢልኝ አንጀትሽ እንዴት ቻለ? ብትዋሺኝ ምን አውቃለሁ?»

«የመጣውን አልነካም አባባ። የሚሄደውን ነው።»

«በይ ወረቀት አምጪ።»

አመጣች። እንደ ልማዷ አንጓዋን ጠመም አድርጋ የላባ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረች።

«የኔን ጽሑፍ ተይው፤ ዛሬ በራስሽ እጅ ጻፊ» አሉ።

«ያውቅብናል እኮ!»

«ይወቅ! ለነጻነት ስዋጋ የእንግሊዝን ንጉሥ ያልፈራሁ ሰው ልጄን ልፈራ ነው? ጻፊ። ‹ልጄ አሳሄል፣ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ለኔ ዓይን ብቻ ያልከውን ያነበበችልኝ እህትህ ናት፤ አንድ ቃል አላጎደለችም። ያ የዛፉ ምክርም የሷ ነው። እርሻው አይሸጥም። ከኔ በኋላ ቤቱም መሬቱም ለጣቢታ እንዲሆን ኑዛዜ አርቅቅና ላክልኝ። ሕግ ያስተማርኩህ እንዲህ ላለው ቀን ነው።›»

ፊደሉ እየተወላገደባት ጻፈች። ሁለቴ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ጨርሳ ስታየው ግን ክው አለች። ፊደሉ ሁሉ ወደ ግራ ተጋድሟል። ሌላ ወረቀት አውጥታ ቀና አድርጋ ጀመረች፤ ሁለት መስመር ሳይሞላ ተመልሶ ተጋደመ። የራሷ ጽሑፍ ምን ይመስል እንደነበር ጠፋባት።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ያው የርስዎን ነው የሚጽፈው። አሳሄል አያምነንም፤ እየቀለዱ ነው ይላል።»

«እንግዲያው አምጪው፣ እኔ ልፈርም። ቦታውን አሳይኝ።»

ጣታቸውን ይዛ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አኖረችላቸው። ብዕር ከጨበጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጎንበስ ብለው፣ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ጻፉ። የስማቸው ግማሽ ወረቀቱ ላይ ዋለ፤ ግማሹ ከጠርዙ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

«ደረሰ?» አሉ።

«ደርሷል አባባ።»

ጎንበስ ብላ እርጥቡን ቀለም እፍ አለችበት፤ መጀመሪያ የወረቀቱን፣ ቀጥሎ የጠረጴዛውን።