ሁለቱ መስመሮች

ሰናይት የአንጎል ብርሃን ማንበብ መማር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። በዚያ ዘመን ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ሁሉ አንጎሉ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርሃን ክር ይገባለታል፤ አንጎሉ ለድምፅ መልስ ሲሰጥ አልጋው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ አረንጓዴ መስመር ከፍ ይላል።

ወይዘሮ ዘነቡ የልጃቸውን የውዴን ፀጉር እያበጠሩ ስሟን ሲጠሩ መስመሩ ዘለለ።

«ሰማቻቸው!» አለች ሰናይት በደስታ።

አስተማሪዋ ዶክተር አንዷለም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐምራዊውንም መስመር እይው» አላት። «እሱ የሚያሳየው የጭንቅላቷን መነቃነቅ ብቻ ነው። እንደ አሁኑ ሁለቱ አብረው ከዘለሉ መልስ የሰጠው አንጎሏ አይደለም።» ከዚያ ወደ እናትየው ዞረ። «እማማ፣ ማበጠሪያውን ያስቀምጡና ይጥሯት እስቲ።»

«ውዴ! ውዴዬ!» እያሉ ደጋግመው ተጣሩ። ሁለቱም መስመሮች ንቅንቅ አላሉም።

«አንቺ ንገሪያቸው» አላት አንዷለም። «ይህንንም መማር አለብሽ።»

ሰናይት እጃቸውን ይዛ መስመሩን ያዘለለው ማበጠሪያው እንጂ ድምፃቸው እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዘነቡ አላለቀሱም፤ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እያበጠርኩ የሰፈሩን ወሬ ሳወራት፣ መስመሩ ከፍ ሲል ‹ሳቀችልኝ› ብዬ ነበር ደስ ብሎኝ ቤቴ የምገባው» አሉ። «ነገስ ምን ብዬ ልምጣ፣ ልጄ?»