ያልጎበጡት ነጥቦች

ትንቢት የማስተርስ ጽሑፏን ልታቀርብ አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ጥያቄዋ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ደብረ ኤልያስ ላይ ገበሬው ማዳበሪያ በጨመረ ቁጥር ስንዴው ምን ያህል ይጨምራል?

መረጃውን የሚሰበስብላት ታናሽ ወንድሟ ምስጋናው ነው። ጭቃ እየረገጠ፣ ወንዝ እየተሻገረ፣ ገበሬውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያለፈውን ምርት ይጠይቅና ይልክላታል። መጀመሪያ በድምፅ ነበር፤ ቀልዱ አያልቅም። "ዶክተርዬ፣ እኒህ ሰውዬ ጠላዬን ካልጠጣህ አልነግርህም ብለዋል፤ ምን ላድርግ!" ይላታል። ኋላ ግን ስልኬ ውኃ ገብቶበት ተበላሸ አለና ከሰው ስልክ በጽሑፍ ብቻ ይልክ ጀመር።

ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ትንቢት የአገሯ ልጅም የክፍል ጓደኛዋም ከሆነችው ከሕሊና ጋር በተከራዩት ቤት ቁጭ ብላ ምርቱን የሚገምተውን የስሌት ሞዴሏን ትፈትሻለች። ሞዴሉ ጭማሪው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው ብሎ ይነሳል። ይህን ለማጣራት ከተገኘው ምርት ላይ ሞዴሉ የገመተውን ቀንሶ ልዩነቱን በነጥብ ማየት ነው። ነጥቦቹ ከዜሮው መስመር ላይና ታች ከተበተኑ ደግ፤ ከጎበጡ ግን ግምቱ አይሠራም።

"ተይው በቃ፤ ያለሽን ይዘሽ አቅርቢ" አለች ሕሊና። አገር ቤት ለቅሶ ደርሳ ከመጣች ወዲህ ፊቷ አልተፈታም።

ትንቢት ግን እሺ አላለችም። በድምፅ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ጎበጡ፤ ማዳበሪያው ሲበዛ ስንዴው ይለግማል ማለት ነው። በጽሑፍ የመጡት የኋለኞቹ ግን አልጎበጡም፣ አልተበተኑምም። ዜሮው ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል።

"ወይ ጉድ! የማን ማሳ ነው በማስመሪያ የሚያበቅለው?" ብላ ጮኸች። "ቁጭ ብሎ ፈጥሮ ነው የላከልኝ!"

ጽሑፉ በሚመጣበት ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። አባቷ ጋ ደወለች።

"አባባ፣ ምስጋናው የት ነው?"

"እዚህ የለም ልጄ፤ ወጥቷል።" ድምፃቸው ሰልሏል። "ጉንፋን ይዞኝ ነው። አንቺ ብቻ ትምህርትሽን ጨርሺ።"

"አየሽ? እሳቸውም ይሸፍኑለታል" አለች ለሕሊና፣ ስልኩን ዘግታ።

ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያስለቀሳት ጽሑፉ አልነበረም። ምስጋናው እሷ ትማር ብሎ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር የጨበጠ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ቢዋሻት እሱ ይዋሸኛል ብላ አስባ አታውቅም።

መልእክት ጻፈች፤ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችው፦ "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።"

ልትልከው ስትል ሕሊና እጇን ያዘቻት።

"አትላኪው ትንቢቴ፤ ቁጥሮቹን ሠርቼ የላክሁልሽ እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን ከቀበርነው ወር ሆነው፣ አባትሽ 'ሳትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል' ብለው ነው።"