ከፍሪጁ ላይ ያለችው መብራት

በድብቅ የሚሸጠው የማስታገሻ ክኒን ምን እንደተደባለቀበት የሚያውቅ ከጠፋ ወዲህ፣ ሱሰኛ ብቻውን አይውጥም። ልዑልሰገድ ደረቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ለጥፏል፤ በተነፈሰ ቁጥር በጎረቤቱ በእትዬ ዘርፌ ፍሪጅ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። ብልጭታዋ ከዘገየ እትዬ ዘርፌ ክኒኑ ትንፋሽ ያሳጠረውን የሚያነቃውን የአፍንጫ መድኃኒት ይዛ ትሮጣለች። ከዚህ በፊትም ደርሳለታለች፤ ያን ቀን ሽሮዋ አርሯል።

ዛሬ ጥቁር ለብሳ ስትወጣ በሩ ላይ አገኛት። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«እህቴ ሞታ ወዴት ልሂድ? ለቅሶ ነዋ።»

«ነፍስ ይማር።» ላቡን በመሐረቡ ጠረገ። «የዛሬው ክኒን ግን ቀለሙ አዲስ ነው።»

«እስክመለስ ጠብቃ።»

«እስከ ማታ አልችልም።»

መብራቷ ከግቢው ውጭ አትሠራም። እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

«በል ጫማህን አድርግ።»

ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቧ ተቀምጦ የክኒኑን ግማሽ ዋጠ፤ የቀረውን እንደ ልማዱ በመሐረብ ቋጠረ። ጥቂት ቆይቶ አንገቱ ተደፋ።

«ምን ያህል ቢወዳት ነው!» አሉ አንዲት አሮጊት።

«በጣም» አለች እትዬ ዘርፌ። ሟቿን አይቷት አያውቅም።

ለቀስተኛው እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲላት ራሷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን ከሸሚዙ ቁልፍ ላይ አይነሳም፤ ቁልፉ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ሊመሽ ሲል ነቃ። ሰው ሁሉ ሄዷል።

«እትዬ፣ አልቅሰሽ ወጣልሽ?»

«መቼ ጊዜ አግኝቼ» አለች፣ የአፍንጫ መድኃኒቱን ወደ ጉያዋ እየመለሰች።